ሁለተኛ ዲግሪ በዕፅዋት፣ በአፈር ወይስ በአየር ንብረት? ከደምቢያ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ ደምቢያ ውስጥ ቆላ ድባ አካባቢ የግብርና ባለሙያ ነኝ። በዕፅዋት ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ከያዝኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። ውጤቴ 2.84 ነው። ሁለተኛ ዲግሪ መማር እፈልጋለሁ፤ ግን በዕፅዋት፣ በአፈር ወይስ በአየር ንብረት የሚለው ግራ አጋብቶኛል። ጎንደር ብማር ምን ይጠይቁኛል? ውጭ ብሞክርስ? አሜሪካ ያለ ቴሲስ፣ ያለ መመረቂያ ጥናት፣ መመረቅ ይቻላል ይላሉ፣ እውነት ነው? ውጤቴስ አያስቀረኝም?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። 2.84 አገር ቤት አያስቀርሽም። ውጭ ግን ትንሽ ያለፋሻል፤ እሱን ቆይቼ እመጣበታለሁ። ውጤት ከሁሉም መስፈርት ቀላሉ ነው። ከባዱ ምን ልታጠኚ እንደምትፈልጊ በሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር መቻል ነው። ያንን ሰምቶ «እኔ ላማክርሽ» የሚል መምህር ማግኘት ደግሞ የባሰ ከባድ ነው። እኔ የአፈር ሰው ነኝ፤ እዚሁ ጎንደር ተማሪዎችን ሳማክር ቆይቻለሁ። በወረቀት ጉድለት ከቀረው ይልቅ፣ የሚያጠናው ነገር ሳይኖረው ገብቶ የተጉላላው ይበልጣል።

አገር ቤት ያለው መንገድ አጭር ስለሆነ ቶሎ ልጨርሰው። መጀመሪያ በትምህርት ሚኒስቴር በኩል የሚሰጠውን የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ትወስጃለሽ፤ ልጆቹ «ጋት» የሚሉት ነው። ስለ ጤፍ ወይም ስለ ማዳበሪያ ያለሽን እውቀት አይደለም የሚፈትነው። እንግሊዝኛ አንብቦ መረዳትን፣ ሒሳብንና ነገር ማገናዘብን ነው። አራት ዓመት ገጠር ለሠራ ሰው ሒሳቡ ሊከብድ ይችላል፤ የሁለተኛ ደረጃ መጽሐፍሽን አውጥተሽ ከልሺ። እሱን ካለፍሽ በኋላ ለዩኒቨርሲቲው ታመለክቻለሽ። የትምህርት ክፍሉ የራሱን ፈተና ወይም ቃለ መጠይቅ ሊጨምር ይችላል። ትራንስክሪፕትና የድጋፍ ደብዳቤ ይጠየቃል። መሥሪያ ቤትሽ የሚከፍልልሽ ከሆነ ደግሞ የስፖንሰር ደብዳቤ ትጨምሪያለሽ። ከስፖንሰር ጋር ተመልሶ የማገልገል ግዴታ አብሮ ይመጣል፤ ውሉን ሳታነቢ እንዳትፈርሚ።

ትምህርቱ በመደበኛው ሁለት ዓመት ነው። የመጀመሪያው ኮርስና ሴሚናር፣ ሁለተኛው ማሳ፣ ላብራቶሪና ጽሑፍ ነው። ለመመረቅ አማካይ ውጤትሽ ከ3.00 መውረድ የለበትም። ያለ ቴሲስ የግብርና ማስተርስ እዚህ አገር አትጠብቂ። አንድ ብዙ የማይነገር ነገር ልጨምር፦ ማስታወቂያ ላይ የወጣ ፕሮግራም ሁሉ አይከፈትም። በቂ አመልካች ካልመጣ ይታጠፋል። ስለዚህ ጎንደርን አንደኛ አድርጊና ባሕር ዳር ዘንዘልማ ያለውን የግብርና ኮሌጅ ወይም ሐረማያን በተጠባባቂነት ያዢ። ሐረማያ ከአየር ንብረት ጋር የሚስማማ ግብርና ላይ የሚሠራ ማዕከል ስላለው ለአንቺ ሐሳብ ቅርብ ነው።

ወደ አሜሪካው እንሂድ። «ያለ ቴሲስ ይቻላል» ያሉሽ አልዋሹም፤ ግን ግማሹን ነው የነገሩሽ። ዕፅዋትን፣ አፈርንና አየር ንብረትን በአንድ የትምህርት ክፍል ሥር ያደረጉ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ ዩታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አንዱ ነው። እንዲህ ባሉ ቦታዎች ማስተርሱ አብዛኛውን ጊዜ 30 ክሬዲት ሆኖ ሦስት መንገድ አለው። አንዱ በቴሲስ ነው፤ 6 ክሬዲት ያህሉ ለምርምሩ ይያዛል። ሁለተኛው በሪፖርት ወይም በፕሮጀክት ነው፤ ምርምሩ አነስ ይላል፣ ኮርሱ ይበዛል። ሦስተኛው ኮርስ ብቻ ነው።

ገንዘቡ ያለው ግን ባብዛኛው በመጀመሪያው መንገድ ላይ ነው። ፕሮፌሰሩ የምርምር በጀት ሲያገኝ ያንን ሥራ የሚሠራለት ተማሪ ይፈልጋል። ለተማሪው በሳምንት 20 ሰዓት ገደማ የረዳትነት ሥራ ይሰጠዋል፤ ደመወዝ ይከፈለዋል፤ የትምህርት ክፍያውም ብዙ ጊዜ ይሸፈንለታል። ኮርስ ብቻ የሚወስደው ተማሪ በአመዛኙ ከኪሱ ከፋይ ነው። እዚያው አገር ሥራ ላይ ላለና ለእድገት ዲግሪ ለሚፈልግ ሰው ጥሩ መንገድ ነው። ከቆላ ድባ ለሚነሳ ሰው ግን፣ ስፖንሰር ከሌለው፣ የማይቻል ነው ብል አላጋነንኩም። በኋላ ፒኤችዲ ካሰብሽ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ «ቴሲስሽ ምን ላይ ነበር?» ነው። እኔን ከሰማሽ ቴሲሱን አትሽሺው።

በክሬዲት ሰዓትና በ4 ነጥብ የሚቆጠረው ሥርዓት ለአንቺ አዲስ አይሆንም። ሐረማያ የግብርና ኮሌጅ ሆኖ ሲቋቋም፣ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ አብሮ የሠራው ዛሬ ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚባለው የአሜሪካ ተቋም ነበር፤ የግብርና ትምህርታችን አደረጃጀት ብዙው ከዚያ የመጣ ነው። ትራንስክሪፕትሽን ሲያዩት ይገባቸዋል።

ልዩነቱ ያለው አማካሪዎቹ ላይ ነው። እነሱ ጋ ለማስተርስ ቢያንስ ሦስት መምህራን ያሉበት ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ለፒኤችዲ ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ መሃል ላይ ከባድ አጠቃላይ ፈተናም አለ። ኮሚቴው የኮርስ ዝርዝርሽን ያጸድቃል፤ ፕሮፖዛልሽን ዘር መሬት ከመንካቱ በፊት ያየዋል። እኛ ጋ ዋና አማካሪና ተባባሪ አማካሪ ይመደባሉ። የውጭ ፈታኙ ግን ሥራሽን የሚያየው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። «ለምን ይህን አልለካሽም?» ሲልሽ ማሳው ታጭዷል፣ መሬቱም ታርሷል። በዚህ ነገር የእነሱ አሠራር ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። መፍትሔው ቅርብ ነው፦ ፕሮፖዛልሽን ከመዝራትሽ በፊት ጎንደር ግብርና ምርምር ማዕከል ላለ ተመራማሪ አሳዪው። ሩዝ ላይ ከሆነ ወረታ ወርደሽ ፎገራ ያለው የሩዝ ምርምር ማዕከል ዘንድ ጠይቂ። ማንም ደንብ አያስገድድሽም፤ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ እዚያ መቀመጥ አንድ ዓመት ሊያድንልሽ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ዕፅዋት፣ አፈር ወይስ አየር ንብረት? መልሱን ከኮሌጅ ማስታወቂያ አትፈልጊው። ከምትሠሪበት ማሳ ፈልጊው።

አንቺ ከእኔ በላይ የምታውቂውን ልናገር። የደምቢያ ዋልካ፣ ጥቁሩ ጭቃማ አፈር፣ ክረምቱን ውኃ አቁሮ ይከርማል። ገበሬው ነሐሴ ሲያልቅ፣ መስከረም ሲጠባ ሽምብራውን ይዘራል። ዝናቡ ይሄዳል፤ ሽምብራው አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ያድጋል። ቶሎ ከተዘራ ውኃው ሥሩን ያፍነዋል፣ የአጠውላጊ በሽታ ስጋትም አለ። ከዘገየ ደግሞ አበባ ላይ እያለ እርጥበቱ ያልቅበታል፤ አፈሩ ይሰነጠቅና ሥሩን ይበጥሰዋል። በሁለቱ ስጋቶች መካከል ጥቂት ሳምንታት ብቻ አሉ። ቴሲስሽ እነዚህ ሳምንታት ውስጥ ነው ያለው።

ያንኑ ነገር ከሦስት በኩል ማየት ትችያለሽ። የዕፅዋት ሰው ሆነሽ ከገባሽ «የትኛው ዝርያ በየትኛው ቀን ቢዘራ?» ትያለሽ። መሠረቱ አለሽ፤ ፊዚዮሎጂና ስታትስቲክስ ማጠናከር ይበቃሻል። የአፈር ሰው ሆነሽ ከገባሽ ሰፊ መደብና ቦይ ተሠርቶ ውኃው ቢጠፈጠፍ ዘሩን ስንት ቀን ማስቀደም ይቻላል ትያለሽ። ለዚህ ጥሩ ኬሚስትሪና ትንሽ ፊዚክስ ይፈለጋል፤ አሜሪካ ከሆነ በዲግሪ ያልወሰድሽውን ኮርስ መጀመሪያ አሟዪ ሊሉሽ ይችላሉ። ዋልካ ደግሞ ለመለካት ያስቸግራል። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በእርጥቡ የለካሽው የአፈር እፍግታ (በአንድ መጠን ውስጥ ያለው የደረቅ አፈር ክብደት) በደረቁ ከለካሽው አይገጥምም፤ የናሙናውን እርጥበት አብረሽ ካልመዘገብሽ ቁጥሩ ዋጋ የለውም።

የአየር ንብረት ሰው ሆነሽ ከገባሽ ጥያቄው «ዝናቡ የሚያቆምበት ቀን ባለፉት ዓመታት እንዴት ተለዋወጠ?» ይሆናል። ለዚህ ማሳ አያስፈልግም፤ መረጃና ሒሳብ ያስፈልጋል። ስለ አየር ንብረት ለመናገር የተለመደው መነሻ የ30 ዓመት መረጃ ነው። የጎንደርን ጣቢያ መዝገብ ከኢትዮጵያ ሜትዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት በደብዳቤ ትጠይቂያለሽ። ጣቢያ በሌለበት ቀበሌ «ቸርፕስ» የሚባለው የሳተላይትና የጣቢያ ቅልቅል የዝናብ መረጃ አለ። ከ1981 እ.ኤ.አ. ይጀምራል፤ በ5 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት የተከፋፈለ ነው፤ በነጻ ይወርዳል። «አር» የሚባለው የስታትስቲክስ ሶፍትዌርም ነጻ ነው። «ዝናብ ገባ» የሚለው ቃል ራሱ እዚህ ሙያ ውስጥ ቁጥር አለው። አንዱ የታወቀ መለኪያ በተከታታይ 3 ቀናት በድምሩ 20 ሚሊ ሜትር ከዘነበና በሚቀጥሉት 30 ቀናት ውስጥ ከ7 ቀን የበለጠ ደረቅ ጊዜ ካልገባ ገብቷል ይላል። እንዲህ ያለ ነገር ደስ ካላሰኘሽ፣ ኮምፒውተር ፊት ሁለት ዓመት መቀመጥ ካልሆነልሽ፣ አየር ንብረትን ዋና አታድርጊው።

ለአንቺ የምመክረው በዕፅዋት ሳይንስ፣ በተለይ በአግሮኖሚ (በሰብል አመራረት) ገብተሽ የዝናቡን ትንተና አንድ ምዕራፍ እንድታደርጊው ነው። አንድ ምክንያቴ መሠረትሽ ነው። ሁለተኛው እንጀራሽ ነው። የመንግሥት የሥራ መደብ የሚጠይቀው የትምህርት ዝግጅት በስም ተዘርዝሮ ነው የሚቀመጠው። ያንቺ መደብ ላይ «አየር ንብረት» የሚል ዲግሪ ከሌለ ደረጃ ዕድገት ስትጠይቂ ሙግት ውስጥ ትገቢያለሽ። ከማመልከትሽ በፊት ወረዳው የሰው ሀብት ክፍል ገብተሽ ዝርዝሩን በዓይንሽ እዪ።

ሽምብራውን የመረጥኩልሽ በሌላም ምክንያት ነው፤ ለቀን አቆጣጠሩ። በአገራችን ብዙ የግብርና ተማሪ ዓመት የሚያቃጥለው እዚህ ላይ ነው። ኮርሱ ሰኔ ገደማ ያልቃል። ቴሲሱ ጤፍ ላይ ከሆነ ሐምሌ መዘራት አለበት። እንግዲህ ፕሮፖዛሉ ግንቦት ላይ መምህራን ፊት ቀርቦ (ዲፌንድ ተደርጎ)፣ በጀቱ ተለቆ፣ ዘርና ማዳበሪያው ማሳ ላይ መድረስ አለበት። አንዷ ነገር ከዘገየች ሐምሌ አይጠብቅም፤ ተማሪው ቀጣዩን ክረምት ይጠብቃል። ሽምብራ ከሆነ እስከ መስከረም ጊዜ አለሽ። ጥር ወይም የካቲት ላይ ይሰበሰባል፤ እስከ ሚያዝያ ላብራቶሪውንና ትንተናውን ትጨርሻለሽ፤ ሰኔ ላይ ለዲፌንስ ትደርሻለሽ። በመስኖ የሚለማ ሽንኩርት ወይም ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ ፋታ ይሰጣል። አሜሪካ ትምህርቱ ነሐሴ ላይ ስለሚጀምር የመጀመሪያው የማሳ ወቅት የሚመጣው በዓመቱ ነው፤ አንዳንድ አማካሪ ደግሞ የሁለት ወቅት ወይም የሁለት ቦታ መረጃ ካልሆነ አይቀበልም። ይህን ገና በመጀመሪያው ንግግር ጠይቂ።

ቦታውን በተመለከተ የቀበሌሽን የገበሬዎች ማሰልጠኛ ማዕከል መሬት አትናቂው። በእግር የምትደርሽበት ማሳ ይኑርሽ። መንገድ ሲዘጋና ጸጥታው ሲደፈርስ ርቆ ያለ ማሳ ሳይለካ ይቀራል፤ አበባ ያወጣበት ቀን ደግሞ አንዴ ካለፈ ተመልሶ አይመዘገብም።

ፕሮፖዛል ስገመግም መጀመሪያ የማየውን ልንገርሽ፤ መግቢያውን አይደለም፣ የሙከራ አቀማመጡን ነው። አንድ ተማሪ አራት የመዝሪያ ቀናትን በሦስት ድግግሞሽ ላወዳድር አለ እንበል። በተለመደው የብሎክ አቀማመጥ 12 መደብ፣ ማለትም 12 ትንንሽ የሙከራ ማሳ፣ ይሆናል። ብዙ ይመስላል። ለኤረር፣ ማለትም በአጋጣሚ የሚመጣውን ልዩነት ለመገመት፣ የሚተርፈው የነጻ መረጃ ብዛት (ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም) ግን ከአራቱ አንድ ተቀንሶ፣ ከሦስቱ አንድ ተቀንሶ፣ የሁለቱ ብዜት ነው፦ 3 በ2፣ 6 ብቻ። በ6 እውነተኛ ልዩነት እንኳ ቢኖር ሊደበቅ ይችላል። ተማሪው ዓመቱን ለፍቶ «ልዩነት አልተገኘም» ብሎ ይጽፋል፤ ልዩነቱ ግን ማሳው ላይ ነበር። ድግግሞሹን አምስት ብታደርጊው 12 ይሆናል። ወይም አራቱን ቀናት በሁለት ዝርያ ላይ ሞክረሽ ስምንት ትሪትመንት (የሚወዳደር አማራጭ) በሦስት ድግግሞሽ ብታደርጊ 14 ይመጣል፤ 24 መደብ ትሠሪያለሽ ማለት ነው። እኔ ከ12 በታች ሲሆን እመልሰዋለሁ። ይህን ስሌት ከቃለ መጠይቅ በፊት አውቀሽ ብትገቢ ከብዙ አመልካች ትለያለሽ።

ውጭ ላሉ መምህራን መጻፍ የጀመርሽ ዕለት ይኸው ጥያቄ ይጠቅምሻል። «ታታሪ ነኝ፣ ዕድሉን ስጡኝ» የሚል ኢሜይል በየቀኑ ይደርሳቸዋል፤ አይመልሱም። በምትኩ እንዲህ በያቸው፦ «በደምቢያ ዋልካ ላይ የሽምብራን የመዝሪያ ቀን ከዝናቡ ማቆሚያ ቀን ጋር አያይዤ ማጥናት እፈልጋለሁ። አራት ዓመት በሥራ ላይ ሳለሁ ቶሎ የተዘራው ሲጠወልግ፣ የዘገየው ፍሬ ሳይሞላ ሲቀር አይቻለሁ።» ከዚያ ከእሱ ሥራዎች አንዱን አንብበሽ ከአንቺ ሐሳብ ጋር የሚገናኝበትን አንድ ቦታ ጥቀሺ። ውጤትሽን አትደብቂ። ኢሜይሉ ከአንድ ስክሪን አይብለጥ። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ብትጽፊ መልካም ነው፤ ምክንያቱም ገንዘብ ያለበት ማመልከቻ ብዙ ቦታ የሚዘጋው ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው።

አሁን ወደ 2.84 ልመለስ። የአሜሪካ ድህረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች በተለምዶ 3.0 ይጠይቃሉ። ነገር ግን ብዙዎቹ የሚያዩት የመጨረሻዎቹን 60 ክሬዲቶች አማካይ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ፍሬሽማን ኮርስ ከሆነ የጎተተሽ፣ የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ውጤትሽን ለብቻ አስዪው፤ ከ3.0 በላይ ሊሆን ይችላል። ካልሆነም በቅድመ ሁኔታ የሚቀበሉ አሉ፤ በመጀመሪያው ሴሚስተር ቢ እና ከዚያ በላይ አምጪ ይሉሻል። የሚፈልግሽ አማካሪ ካለ ለአንቺ ቆሞ ይከራከራል፤ ደጋግሜ «አማካሪ» የምልሽ ለዚህ ነው። ጂአርኢ የሚባለውን የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ብዙዎቹ ትተውታል። ለእንግሊዝኛ አይልትስ ከሆነ 6 ወይም 6.5 ይጠይቃሉ፤ ቤት ሆነው የሚፈተኑትን ዱዎሊንጎ የሚቀበሉም አሉ፤ በእንግሊዝኛ መማርሽን የሚገልጽ የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ የሚበቃቸውም አይጠፉም። ዳድ የሚባለው የጀርመን ድርጅት የሚሰጠውን የአፍሪካ ውስጥ ስኮላርሺፕም ተመልከቺ። ሴት አመልካቾችን የሚያበረታታ አንቀጽ ያላቸው ዕድሎች ብዙ ናቸው፤ ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው አንብቢ።

የቀረው ወረቀት ነው። የወጪ መጋራት ክፍያሽን ካልጨረስሽ ዋናውን ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ማውጣት ያስቸግርሻል፤ ከደመወዝሽ ሲቆረጥ የነበረውን ማስረጃ ከፋይናንስ ክፍል አሁኑኑ ጠይቂ። ትራንስክሪፕቱ ከሬጅስትራር በቀጥታ ወደ ተቀባዩ መላክ አለበት፤ አንቺ በእጅሽ ይዘሽ የምትሰጪው አይቆጠርም። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉልሽን መምህራንም ዛሬ አግኛቸው። አራት ዓመት አልፏልና የቀድሞ ተማሪያቸው መሆንሽን፣ ምን ላይ እንደምትሠሪና ምን ልታጠኚ እንዳሰብሽ በአንድ ገጽ ጽፈሽ ላኪላቸው፤ ደብዳቤውን የሚጽፉት ከዚያ ገጽ ላይ ነው።